ቀኝ ጆሮ ጭው ሲል

ሀሊሞን በስሟ የሚጠራት የለም። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀሪካን፣ ሳፋና ገመድ የምትሸጠውን ይህችን ሴት ቦረናው «ሃደ ሊበን» ይላታል፤ በስዋሂሊ የሚያወራው ደግሞ «ማማ ሊበን»። ሁለቱም የሊበን እናት ማለት ነው። ገበያው ቀኑን ሙሉ ሊበን፣ ሊበን ሲል ይውላል፤ አቤት የምትለው ግን እናቱ ናት። ሊበን ደቡብ አፍሪካ ሄዳለሁ ብሎ በጭነት መኪና ከወጣ ዓመታት አልፈዋል።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከማላዊ ነበር። «እማ፣ ስደርስ እደውላለሁ» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የወሰደው ደላላ ስልኩን ዘጋ፣ አብረውት የሄዱትም ልጆች ድምፃቸው ጠፋ። ሀሊሞ ቁጥሯን አልቀየረችም። ስልኳን ከጡቷ ስር አታወጣውም፤ ስትሰግድ ብቻ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች።

አንድ ቀን ሳፋ ስትደራርብ ቀኝ ጆሮዋ ጭው አለ። ግራው ልጅ ሳለች ከኩፍኝ በኋላ ተደፍኖ የቀረ ነው፤ የዓለም ወሬ የሚደርሳት በቀኙ ብቻ ነው። ቀኝ ጆሮ ሲጮህ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? የሚወድህ ሰው የሆነ ቦታ ስምህን እያነሳ ነው። «ሊበን አነሳኝ!» ብላ ጮኸች፤ ጀሪካን የሚመርጡት ሴቶችም እልል አሉላት።

ጩኸቱ በማግስቱም መጣ። ቆየት ብሎ ጨርሶ መሄድ ተወ። ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ቤት ይሮጥ ነበር፤ እሷ ፊቷ ወዛ። ከእንቅልፏ ስትነቃ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈን አድርጋ «ደህና አደርክ ልጄ» ትለው ጀመር። ከቆላው ከጎልቦ ሰው መጥቶ ገመድ ሲላት ገበቴ ሰምታ ሳፋ ታወርድለታለች። ስልክም በስፒከር ካልሆነ አትሰማም፣ ስለዚህ የዋጋ ክርክሯ የመንደሩ ሁሉ ሆነ። ሰው ቢመክራትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በመጨረሻ ልጇ ሙስሊማ መጣችባት። ሙስሊማ እዚያው ሞያሌ አስተማሪ ናት፤ ተማሪ እንደምትቆጣ እናቷንም ትቆጣለች። ከኋላዋ ቆማ ሦስት ጊዜ ብትጠራት አልዞር አለች። በዚያው ሳምንት ይዛት ናይሮቢ ወረደች።

ሐኪሙ ጩኸቱ መቼ እንደጀመረ ጠየቀ። ሀሊሞ ኩራት እየተናነቃት «ልጄ ያነሳኝ ጊዜ ነዋ» አለች። ሙስሊማ ይህን ሳትተረጉም ዋጠችው። የጭንቅላቷ ምስል ተነሳ፤ በመስሚያ ነርቩ ላይ ቡና ፍሬ የምታህል ዕጢ ታየች። ካንሰር አይደለችም፤ ዝም ከተባለች ግን መጀመሪያ ጆሮውን ትወስዳለች፣ ቀጥላ አንጎሏን ትጫናለች። ቢላዋ ሳይነካት በጨረር ትመታለች ተባለ። «የሚጮኸውም እሷ ናት» አለ ሐኪሙ።

ሀሊሞ ይህቺን ነገር ሁለቴ አስተረጎመች።

ፊቷ ላይ እንደ መረብ የሆነ ጭንብል ተሠራላት፤ ጨረሩ በሚሰጥበት ጊዜ ጭንቅላቷ እንዳይነቃነቅ የሚይዘው እሱ ነው። የጨረሩ ዕቅድ ተሠርቶ እስኪያልቅ አገራችሁ ጠብቁ ተባሉ። በአውቶቡሱ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ዕጢዋ አላስለቀሰቻትም። ያስለቀሳት፣ ለካ ሊበን አንድም ቀን አላነሳኝም የሚለው ሐሳብ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሱቁ ውስጥ እንዳሉ ሐኪሙ በሙስሊማ ስልክ በቪዲዮ ደወለ። አጠገቡ ብራያን የሚባል ወጣት ተቀምጧል፤ ጨረሩ በየት ገብቶ የት ላይ እንደሚገናኝ የሚያቅደው እሱ ነው። የሀሊሞን ጭንቅላት በስክሪን አሳያት፤ ከየአቅጣጫው ቀጫጭን መስመሮች ወደ አንዲት ነጥብ ይገባሉ። «አንዱ ጨረር ብቻውን ሲያልፍ ይህን ያህል አይጎዳም» አለ፣ ሙስሊማ እየተረጎመች። «ሁሉም የተገናኙበት ቦታ ግን አይተርፍም።»

«ከኡራንም ከጎልቦም የመጣ ከብት አንድ ውኃ ላይ ሲገናኝ ሣሩን እንደሚጨርሰው በለው» አለች ሀሊሞ።

ብራያን ሳቀ። «ልክ ነው። የኔ ከብት ግን የማይረገጠውን ሣር ማወቅ አለበት።»

የማይረገጠውንም አሳያት፦ ከዕጢዋ ጎን ያለች፣ ቀንድ አውጣ የምትመስል የመስሚያ አካል። ሁለት ዕቅድ ሠርቷል። በአንደኛው ዕጢዋ ዙሪያዋን በደንብ ትመታለች፤ መስሚያዋ ግን ጨረሩን አብራ ትቀምሳለች። በሁለተኛው በመስሚያዋ በኩል የሚገቡትን ጨረሮች አንስቶ በሌላ በኩል አዙሯቸዋል፤ ጆሮው የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል፣ የዕጢዋ ጠርዝ ግን ኃይሉ ስለሚላላባት ተመልሳ ልታድግ ትችላለች። ሐኪሙ ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ ምርጫው የእናንተ ነው አለ።

«ጩኸቱስ?» አለች ሀሊሞ።

«የትኛው ያጠፋዋል ማለታቸው ነው?» አለ ብራያን።

«አይደለም። የትኛው ይተውልኛል?»

ሙስሊማ ስልኩን በእጇ ሸፈነች። «እማ! ዕጢ እኮ ነው። ሊበን አይደለም!»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ዕጢ ነው። ሌላ ምን አለኝ?»

ሙስሊማ እጇን ከስልኩ አነሳችና ጥያቄውን እንዳለ አስተላለፈችው። ብራያን አልሳቀም። ለዚያ የሚሆን ዕቅድ መሥራት አልችልም፣ ሊቀርም ሊጠፋም ይችላል አለ። ሀሊሞ ከጡቷ ስር ያለውን ስልኳን ዳሰሰች። «እንግዲያው ስልክ ቢጠራ የምሰማበት ይትረፍልኝ። የቀረውን አላህ ያውቃል።» ሁለተኛው ዕቅድ ተያዘ።

የጨረሩ ቀን ጭንብሉ ፊቷን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ መሣሪያው ዙሪያዋን ሲዞር፣ እሷ የምታዳምጠው ጩኸቱን ብቻ ነበር። ምንም አላመማትም። ሞያሌ ተመልሳ ሱቋን ከፈተች። ወራት አልፈው ሲታይ ዕጢዋ ባለችበት ቆማለች፣ ጆሮዋም ተርፏል። ገመድ ሲሏት ገመድ ትሰማለች። ጩኸቱ ግን እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና አንድ ጠዋት ስትነቃ የለም። ሐኪሙ ይህ እንኳ ለጥቂት ሰው ብቻ የሚገጥም ዕድል ነው አለ።

አገሩ ሁሉ አልሐምዱሊላህ አለ፤ እሷም አለች። ከዚያ ግን ሥራ ሲቀዘቅዝ ሳፋ ደፍታ ትቀመጥበትና ፀጥታውን ትሰማለች። ጩኸቱ ናፈቃት። የዕጢ መሆኑን እያወቀች ናፈቃት። ይህ ሞኝነት ነው የሚል ካለ፣ ልጁ የጠፋበት ሰው ይፍረድ። የተረፈላት ጆሮ የፍየሉንም፣ የአዛኑንም፣ የመኪናውንም ድምፅ አንድ በአንድ ያመጣላታል፤ ስልኩ ግን አይጠራም።

አንድ ቀን ሙስሊማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ክፍት ነው፣ ሰው የለበትም። እናቷን ያገኘቻት የጭነት መኪኖች ወደ ናይሮቢ የሚነሱበት ቦታ ነው። ፊቷን ወደ ደቡብ አዙራ፣ ነጠላ ጫማዋን አቧራ ውስጥ ተክላ፣ ባላት ድምፅ ትጮሃለች።

«ሊበን! ሊበን!»

ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ስር ብቅ ብቅ እያሉ ያዩአታል። ሙስሊማ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት። «እማ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! እስከ ዛሬ እሱ እስኪያነሳኝ ጠበቅሁ። አሁን እኔ ላንሳው እንጂ። ያለበት ቦታ ቀኝ ጆሮው ጭው ይበልለት።» ትንፋሿን ሰበሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካለ።»

ሙስሊማ ይህቺን ቃል ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ክንዷን ለቀቀቻት። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ከጎኗ ቆማም ወንድሟን በስሙ ጠራችው።