ከወለሉ ሥር ያስገባሁት ከሰል

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ፤ የደፈርኩትም ስሜን ስለማታውቁ ነው። ይሄም ራሱ ፈሪነት ነው።

አባታችን አዳማ የተወልን አሮጌ ቤት ወለሉ ጣውላ ነው። ከጣውላው በታች ሰው በደረቱ ተስቦ እንኳ የማይገባበት ጠባብ ባዶ ቦታ አለ። ከዓመታት በፊት በአንድ ክረምት ጎርፍ በግንቡ ቀዳዳዎች ገብቶ እዚያ ተኛ። ውሃው ሲሸሽ እርጥበቱ ቀረ፤ ቤቱ በሙሉ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። አናጢው ጣውላውን አንስተን ለሳምንታት ክፍት እንድንተወው ነገረን። እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡት ግን እሑድ ነበር። በተነቀለ ወለል ላይ ላስቀምጣቸው ነው? እንዴት ብዬ!

ቅዳሜ ከሰዓት ማንደጃ ሙሉ ከሰል አቀጣጠልኩ። እኔ ነኝ ያቀጣጠልኩት። በውጭ በኩል ባለው ሰፊ ቀዳዳ በብረት ገፍቼ ከወለሉ ሥር አስገባሁት፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬም ሌሎቹን ቀዳዳዎች በጆንያ ደፈንኩ። በብልሃቴ ኮርቼ ለእንግዶቹ ለስላሳ ልገዛ ወጣሁ። ከላይ ሰው ይኑር አይኑር አላየሁም።

አዳዳ ተኝታ ነበር። የአባቴ እህት ናት፤ በኦሮምኛ አዳዳ እያልን ነው ያደግነው። ባሏን አቦምሳ ቀብራ እኛ ጋ የገባችው በዚያው ዓመት ነው። ዝንቡ ሲያስቸግራት መስኮቱንም በሩንም ዘግታ ጋደም ብላለች።

ስመለስ ብጠራት አትሰማም። ብወዘውዛት እጇ ዝልፍልፍ አለ። ምን እንዳደረግኩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የከሰሉ ጢስ በጣውላው ስንጥቅ ገብቶባታል። ጎትቼ በረንዳ ላይ አወጣኋት፤ ከዚያ ጎረቤት ሳልጠራ ማንደጃውን ከወለሉ ሥር ላወጣ ሮጥኩ። ይህን ልብ በሉልኝ። እሷ ተዘርራ እኔ ማንደጃዬን ላወጣ! ስጠራት ሰምተው ጎረቤቶች ሲደርሱ ማንደጃውን እንደያዝኩ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንዷ፣ ማንደጃው ክፍሏ ውስጥ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። በአዳማ ሙቀት፣ በር ዘግቶ ከሰል የሚሞቅ ማን ነው? ያውም ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት። ማንም በአፉ አልተናገረውም፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ሆስፒታል ነቃች። ምንም አታስታውስም። ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰምታ ኖሮ ብቻችንን ስንሆን እጄን ያዘች።

«ልጄ፣ ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አዳዳ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ይህን አልኩ? ድምፄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ የሌላ ሰው ይመስለኛል፤ ግን የእኔ ነው። ፖሊስ ፈርቼ ነው? የእህቴ ጋብቻ ይቀራል ብዬ ነው? ሁለቱም። ሁለቱም ግን ምክንያት አይሆኑም።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ፤ እህቴም ተዳረች። አዳዳ ግን ራሷን ልታጠፋ እንደነበር ከልቧ አምና ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች፤ ጾምና ስግደት ታዘዘላት። ጎሕ ሲቀድ ጉልበቷ ጣውላውን ሲመታ እሰማለሁ። እኔ ባደረቅኩት ወለል ላይ፣ በእኔ ኃጢአት አሮጊቷ ትሰግዳለች፤ እኔ አንሶላዬን እስከ ጆሮዬ እስባለሁ። ከዚያ በኋላ ቢላ እንኳ እየተደበቀባት ኖረች። የምደብቀውም እኔ ነበርኩ።

አምና ታማ አልጋ ላይ ስትውል አስጠራችኝ። ቤትህ ላይ ነውር አምጥቻለሁና ይቅር በለኝ አለችኝ። ልቤ አሁን ንገራት፣ አሁን ንገራት ይለኛል። አፌን ከፈትኩ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አዳዳ።»

አመስግናኝ ዓይኗን ጨፈነች። ሳምንት ሳትቆይ አረፈች። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይህ የእናንተ አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለዋን ሴት እኔው ይቅር ብያት ቀበርኳት።