ድቤው የሸፈነው ድምፅ

ሀምዲን ቀን ቀን ሰኞ ገበያ በሚባለው ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ከአስር ሰዓት በኋላ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ መንዙማ ይቀርጻል። የኩታበሩን መንዙማ አውጪ ጀማሉዲንን ስድስት ዓመት ሙሉ የቀረጸው እሱ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር ግን ጀማሉዲን ኮምቦልቻ ወርዶ አንዱን መንዙማ አብዱልባሲጥ ዘንድ አስቀረጸ። ለመውሊድ የሚያወጣውን የት እንደሚያስቀርጽ ገና አልወሰነም። አብዱልባሲጥ ሙያውን የጀመረው ሀምዲን ቤት የማይክ ገመድ እየጠቀለለ ነው።

ሀምዲን ያንን ሥራ የሰማው ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቃሉ ሁሉ ይለያል፤ ድቤው ከድምፁ ሥር ረግቶ ይመታል። ቀጥሎ ሾፌሩ ሀምዲን ራሱ የቀረጸውን ከፈተ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ቀንሰው ወንድሜ፣ ሆዴ ውስጥ ነው የሚደልቀው!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«መንዙማ እኮ ነው እናቴ።»

«መንዙማውማ የታለ? ድቤ ብቻ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሀምዲንም እንዳይታወቅበት አብሮ ሳቀ።

ከቤት ሲወጣ ለጨርቅ ነው ብሎ ነበር። የሚሄደው ግን የአብዱልባሲጥን የመቅረጫ ዕቃ ለማየት ነው። ውድ ስፒከር እንደሚያገኝ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ደርሶ ያገኘው ግን ከራሱ ያነሰ ሆነ።

«አያ ሀምዲን! ምነው ሳትደውል?» አብዱልባሲጥ ዘሎ አቀፈው። የመጣበትን ሲሰማም ምንም አልደበቀም። «ዕቃው አይደለም። ግድግዳውን የጨርቅ ጣቃ ስለያዘብህ ወንበርህ ከክፍሉ መሀል ነው። እንዳንተ ቤት ባለ አራት ማዕዘን ክፍል መሀል ላይ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ሲያንስህ ትጨምርበታለህ፤ መኪና ውስጥ ሲከፈት ያጥለቀልቃል። ደግሞ ከጭብጨባውና ከተቀባዮቹ ድምፅ ላይ ወፍራሙን ቁረጠው፤ ለድቤው ብቻ ተውለት።»

ቢደብቀው ኖሮ ለሀምዲን ይቀለው ነበር። ልጁን በደንብ ለመጥላት ምክንያት ፈልጎ ሳያገኝ ተመለሰ።

ቤቱ ሲገባ ጣቃዎቹን ወደ አንድ ጥግ ቆለለና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። የራሱን የቆየ ሥራ ከፈተ። የሚኒባሷ ሴትዮ እውነቷን ነው። ሦስት ቀን ወፍራሙን እየቆረጠ፣ በስልክም በጎረቤት መኪናም እየሞከረ ሰነበተ።

ከጁምዓ በኋላ ጀማሉዲን መጥቶ አዳመጠ።

«ማሻአላህ! ቁርጥ የአብዱልባሲጥ ሥራ!»

ሀምዲን ጥርሱን ነከሰ።

«በቃ፣ የመውሊዱን እዚሁ ነው። ግን ማን አሳየህ?»

«ማን ያሳየኛል? ራሴ ነኝ።»

«እስቲ ወላሂ በል።»

ሀምዲን ጎንበስ ብሎ ማይክ መሰካት ጀመረ። ጀማሉዲን ጥቂት ጠበቀውና እየሳቀ ስልኩን አወጣ።

«እንግዲያው ኮምቦልቻ ልደውልና ላመስግነው።»

«ከእኔም ሰላም በልልኝ» አለ ሀምዲን፣ ቀና ሳይል።