ያልተዋጠው ረድፍ

በባሏ ቤተሰብ ዘንድ ስሟ «ለምኔ» ነው፤ አርባ ጊዜ «ለምን?» ሳትል የምታልፈው ነገር የለማ! ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛ አዝራር ብቻ ቀይሪልኝ ብሎ ኮት ቢሰጣት፣ ገበሩን ፈታ ትከሻው እንዴት እንደተያዘ ካላየች አይሆንላትም። ከዚያ መልሳ ትሰፋዋለች፤ ማንም አያውቅባትም።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ አንድ ጊዜ ሳትጠይቅ ቀርታ ጉድ የሆነችው።

ልጇ ድንቡሼ ሁለት ወር ሲሞላት፣ ለምታጠባ እናት የሚሆን የወሊድ መከላከያ ክኒን ከጤና ጣቢያ ተሰጣት። ነርሷ ልታስረዳት ስትጀምር «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» አለች። ከመውለዷ በፊት ሌላ ዓይነት ትወስድ ነበራ! የዚያኛው የመጨረሻ ረድፍ ቡናማ ነው፤ መከላከያ የሌለበት የብረት ክኒን ብቻ ስለሆነ ቢዘለልም ምንም አይል። ስለዚህ የአዲሱንም የመጨረሻ ረድፍ በየወሩ እየተወች፣ ሳምንት አርፋ ሌላ እሽግ ትጀምር ነበር።

ድንቡሼ ዘጠኝ ወር ሲሆናት እናትየውን ያቅለሸልሻት ጀመር። ብትመረመር የሁለት ወር እርጉዝ! ክው አለች። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ክኒኑን ስትውጥ ነበር።

«ወይ ጉዴ! የሆዱንም የጡቱንም መርዘሻቸዋል በይኛ!» አሉ አማቷ። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ፈርተው ነው። ቃላቸው ግን ልቧን ወጋት። ያኔውኑ ድንቡሼን ጡት ከለከለቻት። ሁለት ቀን ሙሉ ልጅም ስታለቅስ እናትም ስታለቅስ፣ ስፌት መኪናው ላይ የቀረውን ቀሚስ የሚነካው ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ግን አመሏ ተነሳባት። «ቆይ፣ መርዝ ነው ያለው ማነው?» ብላ የክኒኑን እሽጎች በሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ድንቡሼን አዝላ ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጆቼን ጎድቻቸዋለሁ?»

«ኧረ አልጎዳሽም! እርግዝናቸውን ሳያውቁ የወሰዱ እናቶች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው ተጠንተዋል፤ በክኒኑ ምክንያት የመጣ ጉድለት አልታየም። አሁን አያስፈልግሽም፣ አቁሚው። ፅንሱ በቦታው መቀመጡን በአልትራሳውንድ እናያለን፤ ከዚያ እንደማንኛዋም እርጉዝ ትከታተያለሽ።»

«ወተቴስ?»

«ወደ ወተት የሚያልፈው ጥቂት ነው፣ ልጅንም አይጎዳም። የድሮው ክኒንሽ ነው ወተት ሊያሳንስ ስለሚችል ልጅ ስድስት ወር ሳይሞላው የማይመከረው።»

«ለምን?»

«ሌላ ሆርሞን ስላለበት።»

«ታዲያ ይሄኛው ለምን እርግዝናውን አልከለከለልኝም?»

ነርሷ እሽጎቹን ተቀብላ አንድ በአንድ አገላበጠች። በእያንዳንዱ ላይ ሰባት ክኒን ሳይነካ ቁጭ ብሏል። «እነዚህስ ለምን ቀሩ?»

«ብረት ናቸው ብዬ።»

«እስቲ ቀለማቸውን እዪ።»

አየች። እንደዋጠቻቸው ሃያ አንዱ ሁሉ ሰባቱም ነጭ፣ ሁሉም መድኃኒት። ሳቅና እንባ አንድ ላይ አመለጣት።

«በይ አሁን ልጅቷን አጥቢያት፣ ከንፈሯ ደርቋል» አለች ነርሷ።

«ጡት ከከለከልኳት ሁለት ቀን ሆናት እኮ ሲስተር» አለች ለምኔ። ነርሷ መጋረጃውን ሳበችላት።

ድንቡሼ መጀመሪያ ተቀይማ ፊቷን አዞረች። ኋላ ግን ጡቱን በሁለት እጇ ይዛ ጠባች።

«ይቅር በይኝ እናቴ» አለቻት ለምኔ፤ «ደህናውን ወተት ነው የከለከልኩሽ።»