እንግሊዝኛ ትምህርት፣ ቁጥር አራት

እኔንና ወጋየሁን የሚለየን አንድ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። ከወዲያ እሱ ራዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ከወዲህ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ ጊዜ ሲተርፈኝ ደግሞ የቴሌቪዥን ዳንቴል እሠራለሁ። ጎፋ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ሱቃችን ድሮ አንድ ክፍል ነበር አሉ፤ አከራያችን መሃሉን ከፍለው ሁለት አደረጉት። ቆርቆሮ ደግሞ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ጠዋት ገብቼ ሲንጀሬ ላይ ስቀመጥ በወዲያ በኩል አራት አምስት ራዲዮ ባንድ ላይ ያንሾካሹካል፤ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ዓረብኛ፣ አንዱ ምንም የማይል ነፋስ ብቻ። መጀመሪያ ሰሞን ያበሳጨኝ ነበር። ኋላ ግን ያ ሹክሹክታ ከሌለ ክሩ መርፌዬ ውስጥ አልገባም ይለኝ ጀመር። ጨርቁ ከእጄ ሥር ይሄዳል፣ ድምፁ ከቆርቆሮው ሥር ይመጣል፤ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቀው ቀኑ ይመሻል።

ያን ጊዜ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ወጋየሁ አርባ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አርባ አንድ። ጋሼ ብዬው አላውቅም፤ እሱም አረጋሽ ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጠኝም። ሚስቱ ተናኘ እኔ ወደ ጎፋ ከመምጣቴ ሦስት ዓመት በፊት ሞታለች። አላውቃትም፤ ፎቶግራፏን እንኳን አላየሁም። እሱም ስለ እሷ አያወራም። ስለ ዕቃ ግን ማን ዝም አሰኝቶት።

ዕቃ ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጠዋል። "ዕቃ በሽታውን ራሱ ይናገራል፤ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው" ይላል። ባለቤቱ መቼም ሁልጊዜ "ምንም ሳልነካው ነው የቆመው" ባይ ነው። ከዚያ ሽፋኑ ሲፈታ ከውስጥ ሳንቲም፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንዴም የሕፃን ማንኪያ ወጥቷል።

በእጁ ያለፈ ዕቃ ሁሉ ፍርዱን ሳይቀበል አይወጣም ነበር። ሪሞት የሚባለውን ነገር ጨርሶ አይወድም። "ያገራችን ጣቢያ አንድ፤ የዚህ ቁልፍ ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንዱ ምን ሊያደርግ ነው የመጣው?" ይላል። ሰዉ ደግሞ ሪሞቱን ከነላስቲኩ ነው የሚይዘው፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ሌላ ላስቲክ ያለብሰዋል። ወጋየሁ ይህን ሲያይ፣ "ሲሞት ንጹሑን ለእግዜር ሊያስረክበው ነው" እያለ ይስቃል።

ስለ ቪዲዮ ዴክ ሰዓት የሚለው ግን ከልቤ አልወጣም። በየሰዉ ሳሎን የተቀመጠው ዴክ ሁሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሞ ብልጭ ድርግም ይላል። መጽሐፉን አንብቦ የሚሞላው የለም፤ የሞላው ቢገኝም መብራት ይጠፋና ተመልሶ አሥራ ሁለት ይሆናል። "አትሙሉት" ይል ነበር ወጋየሁ። "በዚህ ሰዓት የሚኖር ሰው የታደለ ነው። ሁልጊዜ ወይ ሊነጋ ነው፣ ወይ ሊመሽ ነው። የሚያቃጥል ቀትር የለበትም።" ይህን የሰማሁ ቀን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር፤ ብረቱን አንስቼ ቆሜ ቀረሁ። አስቡት እስኪ፣ ጎፋ ሁሉ በየቤቱ ጎሕ ሲቀድ።

የሚጣላኝ በዳንቴሌ ነበር። "ቴሌቪዥን የሚተነፍሰው በጀርባው ነው፤ አንቺ ቀሚስ ታለብሺዋለሽ፤ ከዚያ ታፍኖ እኔ ዘንድ ይመጣል" ይለኛል በቆርቆሮው። እኔም አልተኛለትም፤ "ራቁቱን የቆመ ቴሌቪዥን እንግዳ ፊት ያሳፍራል" እለዋለሁ። በእውነቱ ከሚመጡለት ቴሌቪዥኖች እኩሌታው የኔን ዳንቴል እንደለበሱ ነበር የሚመጡት። እኔ አልብሼ፣ እሱ አውልቆ፣ ሁለታችንም እንጀራ በላን።

አንድ ዕቃ ብቻ ሲያመሰግን ሰምቻለሁ፤ እሱንም በዓይኑ አላየውም። ደንበኛችን ኤልያቄም መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ቢሮው ኮምፒውተር ገብቶለት ጠዋትና ማታ ወሬው እሱ ሆነ። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተሮች ያብዳሉ መባሉን ሲነግረው ወጋየሁ፣ "ለኛ ገና አሥር ዓመት አለው፤ እስከዚያ ይሻላቸዋል" አለው። ቀጥሎ ግን ኤልያቄም እንዲህ አለ።

"ጋሽ ወጋየሁ፣ አንድ ጽሑፍ ላጥፋ ስትለው ዝም ብሎ አያጠፋም እኮ። 'እርግጠኛ ነህ?' ብሎ ይጠይቅሃል።"

በወዲያ በኩል መፍቻው ሲቀመጥ ተሰማኝ።

"ይጠይቃል?"

"ይጠይቃል። አይ ካልከው ይተወዋል።"

"ቀዩ የቴፕ መቅጃ ቁልፍ ለምን አይጠይቅም?" አለ ወጋየሁ። ማንን እንደሚጠይቅ ግን አላወቅኩም። ኤልያቄምም ሻይ ልጠጣ ብሎ ሄደ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያን ዘመን ካሴት የተዋሰ ሰው አይመልስም፤ መውሰድ ነውር አልነበረም፣ መጠየቁ ነበር ነውሩ። እያንዳንዱ ሰው ታዲያ የሚወደውን ካሴት የሚደብቅበት ዘዴ ነበረው። የወጋየሁ ዘዴ በላዩ ላይ ማንም የማይፈልገውን ርእስ መጻፍ ነበር። መደርደሪያው ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ አንዲት ካሴት ነበረችው፤ በሰማያዊ እስክሪፕቶ "እንግሊዝኛ ትምህርት፣ ቁጥር አራት" ተብሎ ተጽፎባታል። አንድ፣ ሁለትና ሦስት የት ሄዱ ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። እንግሊዝኛ ትምህርት የሚዋስ በጎፋ አልነበረምና ለዓመታት ማንም አልነካትም፤ እኔ እስክነካት ድረስ።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ነው። እሁድ ቀን በራዲዮ የሚተረክ ታሪክ ነበረና መጨረሻውን ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። መቅጃው አለኝ፤ አቶ ለታ የሚባሉ የፉሪ ሰው ለጥገና አምጥተው ጥለውት የሄዱት ቴፕ ነው። በሽታው አይጣል ነበር። ሰውየው የልጃቸውን ሠርግ ቀድተውበት፣ ከሙሽራዪቱ ዘፈን ሥር የድሮ ካድሬ ንግግር ይሰማል። ወጋየሁ የቀድሞውን ድምፅ የሚያጠፋው ሄድ ሞቷል አላቸው፤ መለዋወጫው ሲጠፋ አቶ ለታ ሌላ ገዝተው ይህን ተዉለት፣ እሱም ለኔ ሰጠኝ። "አዲስ ካሴት ካልሆነ እንዳትቀጂበት" ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምክር በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ሰው ነኝ።

ካሴት አልነበረኝም። ወጋየሁ ለቡ አንቴና ሊተክል ሄዷል፤ ሱቁን እንድጠብቅለት ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ገባሁና ያችን አየሁ። እንዳይቀዳባት ከጀርባዋ ያሉት ሁለት ጥርሶች ተሰብረዋል። ሰው እንግሊዝኛን እንዲህ ይጠብቃል እንዴ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ሁላችንም እንደምናደርገው ቀዳዳዎቹን መርፌ ሲወጋኝ ጣቴ ላይ በምለጥፈው ፕላስተር ደፈንኩና ቴፑን ራዲዮው ፊት አስቀምጬ ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ። እርግጠኛ ነሽ ያለኝ የለም። ትረካው አልቆ ራዲዮውን ስዘጋ ቴፑን ማጥፋት ረሳሁና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ማታ ካሴቷን ቦታዋ መለስኳት። መልሼም አላዳመጥኳት።

ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ቀኑ ገና በቀኑ መሽቷል። በወዲያ በኩል ራዲዮዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ዓረብኛው ተዘጋ፣ አማርኛው ተዘጋ፣ ነፋሱም ተዘጋ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ እግሬ ከፔዳሉ ላይ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ወጋየሁ የሱቄ በር ላይ ቆመ። ካሴቷን ጀርባዋን ወደ እኔ አድርጎ ይዟታል።

"ይሄ ፕላስተር ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው" አልኩት። "እንግሊዝኛ መስሎኝ ነው።"

በሩ ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ተናኘ ነበረች" አለ። "አዲስ ቴፕ ገዝቼ ስንሞክረው የተናገረችው ነው። ሌላ ድምፅ የላትም። ካሴት በሰሙት ቁጥር ይሳሳል፤ ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ በሞተችበት ቀን ብቻ ነው የምሰማው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና በዚያው ቅጽበት ቀናሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ በቆርቆሮ ስንጨቃጨቅ እኔ በልቤ የራሴን ተስፋ ስቆልል ኖሬ፣ ከጎኔ በዓመት አንዴ ብቻ የምትሰማ ሴት ነበረች። ወድጄው ነበር፤ ለራሴም የነገርኩት ያን ቀን ነው። የነገርኩትም የሚወደውን ካጠፋሁበት በኋላ ነው።

"በምን ቀዳሽው?" አለኝ ድንገት ቀና ብሎ።

"ባቶ ለታ ቴፕ።"

ተነሳ። ወደ ሱቁ ገባ፤ እኔም ሳልጠራ ተከተልኩት። ካሴቷን ሻል ባለው ማጫወቻው ውስጥ ከተታት። ቁልፉን ሊጫን ሲል ግን ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደ፤ በቆርቆሮ ሥር የክረምት ዝናብ ሲመጣ ሰው የራሱን ሳል እንኳን አይሰማም። ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ተቀምጠን ጠበቅን። መደርደሪያው ላይ ሊጠገን የመጣ ዴክ አለ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። አንድ ሰዓት ያህል ሳይሆን አይቀርም የቆየነው፤ በዴኩ ግን ምንም አልሄደም። እንዲያውም ባያባራ ብዬ ተመኘሁ፤ እስካላዳመጥነው ድረስ ገና አልጠፋም።

አባራ። ቁልፉን ተጫነ። ተራኪው መጣ፣ ታሪኩን ጨረሰ፤ ከሥሩ የሚሰማ ነገር የለም። ወጋየሁ መነጽሩን አወለቀ። ቀጥሎ ራዲዮው ሲዘጋ ቀጭ አለና የኔ ሲንጀር መጣ፤ ረጅም ስፌት፣ አጭር ስፌት። በዚያች እሁድ የጠቀምኩት የማን ቀሚስ እንደነበር እንኳን ትዝ አለኝ። ከዚያ በካሴቱ ውስጥ ያለችው እኔ ክር ልትቀይር ቆመች።

በዝምታው ውስጥ፣ ከውኃ ሥር የምትናገር ያህል ሩቅ ሆና፣ ሴት ተናገረች።

"ወጋየሁ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚዞረው?"

ሲንጀሩ ተነሳና ሸፈናት። ወጋየሁ እጁን አፉ ላይ አድርጓል። ስፌቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ደግሞ ቆመ።

"... ተወው በቃ። ምሳ ቀርቧል፣ ና።"

ሌላ የለም፤ ይኸው ነበር ጠቅላላው። ወጋየሁ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ሲረጋጋ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አጠለቀና፣ "ይህ የተረገመ ማሽን ማጥፋት አይችልም ብዬ ለሰው ሁሉ ሳማው ነበር" አለ።

በማግሥቱ የአቶ ለታን ቴፕ ወስዶ ከሰዓት በኋላ መለሰልኝ። የሞተውን ሄድ አልነካውም። ቀይዋ ቁልፍ ላይ ብቻ ከራሴው ፕላስተር ቁራጭ ለጥፎ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ጽፎባታል፦ "አረጋሽ፣ እርግጠኛ ነሽ?"

እስካሁን አልተጫንኳትም። በዘጠና አንድ ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ራዲዮዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ እኔም ፔዳሌን አቁሜ ዳንቴሌን አነሳሁ። በቆርቆሮው በኩል የራሴ ሲንጀር መጣ። ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። እሷ ተናገረች። ሁለተኛ ተነሳ፣ ሁለተኛ ቆመ፤ ምሳ ቀርቧል ና አለችው። ካሴቱ ካለቀ በኋላ ራዲዮ አልተከፈተም፣ መፍቻም አልተነሳም። ከዚያ ቆርቆሮው በጣት ተንኳኳ።

"አረጋሽ፣ ምሳ በልተሻል?"

"አልበላሁም" አልኩት፤ ዳንቴሌን አጥፌ ተነሳሁ።