ቢጫው የሴልመር መኪና

ሴልመር ብራተን የቀለም ብሩሹን ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። ከዚያ በቀር ያለውን ሁሉ በየተራ ሰጥቷል። የስንዴ መሬቱን ለወንድሙ ልጅ አከራየ፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል ሠላሳ ዓመት የቆመበትን የወፍራም ድምፅ ቦታ፣ ጉሮሮው ሲሻክር፣ ለተተኪው ለቀቀ፤ ሐኪሙ በቃህ ሲለው ስኳርን፣ ሚስቱ ኦርሊን በቃህ ስትለው ደግሞ ጣራ ላይ መውጣትን ተወ። ብሩሹን ግን እንደ በትረ መንግሥት ይዞ ሰባ ሁለተኛ ዓመቱን አጋመሰ። ቤቱን፣ ጎተራውን፣ የዶሮ ቤቱን፣ ከመንገድ ዳር የቆመውን የፖስታ ሣጥን ሳይቀር በገዛ እጁ ሲቀባ ኖሯል። የቀባው ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እንግዶች ቀረብ ሲሉ ግን በትሕትና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ።

በዚያ ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ተራው የመኪናዋ ሆነ። ከእርሱ ጋር አርባ አራት ክረምት ያየች ፒክአፕ ነበረች። ስትገዛ ሰማያዊ ነበረች፤ የሜዳው ፀሐይና በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ተባብረው ቀለሟን ስለ በሉት ግን አሁን ስሙ የማይታወቅ መልክ ይዛለች። ቢሆንም በትንሿ ከተማ በኒው ቮስ ዙሪያ በሚገኙት የጠጠር መንገዶች ሁሉ እርሷን የማያውቅ አልነበረም። በዚያ አገር ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ ነጂው እጁን ከመሪው ሳያነሣ አንዲት ጣት ብቻ ቀና ያደርጋል፤ ሰላምታው ይኸው ነው። ጣቷ የምትነሣውም ለሰውዬው ሳይሆን ለመኪናው ነው፤ በዚያ አቧራ ውስጥ የሰው ፊት ማን ያያል? ሴልመር ወደ ከተማ ባለው የዐሥራ አንድ ማይል መንገድ ላይ ጣቶችን እየቆጠረ መሄድ ልማዱ ነበር። ሰባት ጣት ያገኘ ዕለት ምሳው ይጣፍጠዋል።

በከተማው የገበሬዎች ኅብረት ሱቅ ካፌ ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ጧት ጧት በሚሰበሰቡበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ነገሩን መጀመሪያ የሰማው ደልበርት ነው። ደልበርት የሴልመር የአክስት ልጅ ሲሆን የከተማው የመኪና ቀለም ቤት ባለቤት ነው።

«አምጣት ግዴለም» አለው። «በሁለት ቀን እንደ ሙሽራ አድርጌ ላስረክብህ።»

«አንዲት ሙሽራ አለችኝ፤ እርሷም ጣራ ላይ አትውጣ ትለኛለች። ሁለተኛ አልፈልግም።»

«በሩሎ ልትቀባት ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«ጠርዝ ጠርዙን በብሩሽ።»

«አየህ ሴልመር፣ መኪናውን በሩሎ የሚቀባ ሰው ጥርሱንም በጉጠት የሚነቅል ሰው ነው።»

«ነቅያለሁ» አለ ሴልመር፣ ረጋ ብሎ። «ሁለት።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ቆመ።

ቀለሙን ያገኘው በጨረታ ነበር። አንድ ሰው ሲሞት ዕቃው በግቢው ሣር ላይ ይደረደርና ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይጫረትበታል፤ ትንንሹ ዕቃ በካርቶን በካርቶን ይሸጣል። ከአንዱ ካርቶን የመፍቻ እጀታ ብቅ ብሎ ስላየ ሴልመር እጁን አወጣ። ቤቱ ወስዶ ሲያራግፈው መፍቻው ከመካከሉ የተሰበረ ነው፤ ከሥሩ ግን ጽሑፋቸው የተላጠ፣ ክዳናቸው ያልተከፈተ አራት ትልልቅ ቆርቆሮ ቀለም ተቀምጠዋል። የሟቹ ሥራ ምን እንደ ነበር መላው ኒው ቮስ ያውቃል፤ ሴልመርም ያውቃል፤ ቀብሩም ላይ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በነጻ ቀለም ያገኘ ሰው የቀለሙን የዘር ሐረግ አይጠይቅም።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀ፤ የተበሳውን በስቱኮ ደፈነ፤ ገላዋን በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፤ ክንዱ ከማበጡ የተነሣ ማንኪያ በግራ እጁ መያዝ ጀመረ። መስኮቶቹን በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፈነ፤ አንዱን መስኮት በሸፈነበት ጋዜጣ ላይ ያላነበበው የስንዴ ዋጋ ስለ ነበር ግን ግማሽ ሰዓት ቆሞ አነበበው። ከዚያም መንገዱ ላይ የሚያልፉት መኪኖች አቧራ እንዳያመጡበት የመሣሪያ ማስቀመጫውን ትልልቅ በሮች ዘጋ፤ ወለሉን በውኃ አራሰ፤ ባለችው በአንዲት አምፑል ብርሃን፣ ቀለሙን በማቅጠኛ እየበጠበጠ አንድ ደርብ፣ ሁለት ደርብ፣ ሦስት ደርብ፣ አራት ደርብ ቀባ። በእያንዳንዱ ደርብ መካከል በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። አምፑሏ የእሳት ራት ትጠራለች፤ የእሳት ራቱም ካልደረቀ ቀለም ላይ ያርፋል። ሦስቱን በወረንጦ አነሣ። አራተኛዋ ኮፈኑ መካከል ላይ ክንፏን ዘርግታ ቀረች።

ኦርሊን አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ አንድ ጊዜ ብቅ አለች።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው እሱ?»

«የቅቤ።»

«እኔስ ሌላ ነገር ነው የመሰለኝ።»

«አምፑሏ ናት» አላት።

በዐሥረኛው ቀን በሮቹን ከፍቶ መኪናዋን ወደ ፀሐይ አወጣት። ቅቤው በሩ ላይ ቀረ። ከውጭ የወጣችው፣ የወረዳው መንገድ ሥራ ክፍል ግሬደሮቹንና መኪኖቹን ሁሉ የሚቀባበት፣ ከሁለት ማይል የሚያበራው ያ ቢጫ ነበር። ሟቹ አርባ ዓመት ግሬደር ነድቷል።

ኦርሊን ከበረንዳው ላይ አየቻት። «በል እንግዲህ፣ አምፑሏን ጥራትና ትናገር» አለችና ገባች።

ሴልመር ኮራ ብሎ ወደ ከተማ ነዳ። የመጀመሪያዋ መኪና መጣች፤ ጣት አልተነሣም። ሁለተኛዋም መጣች፤ ነጂው ወደ ሌላ በኩል ዞረ። ሦስተኛው ሁለት እጆቹን ከመሪው አንሥቶ «ምን ዓይነት መንገድ ነው!» በሚል ሁኔታ ዘረጋቸው፤ ሴልመር ሃያ ዓመት አብሮት የዘመረ ሰው ነበር። ካፌው በር ላይ ሲደርስ ደልበርት መስኮቱን ከፍቶ ጮኸ።

«ኧረ የመንገድ ሥራ መጣ! ጌታው፣ የእኛን ኮረኮንች መቼ ነው የምትደለድሉልን?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሴልመር ሕይወት ሌላ ሆነ። ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ፤ አቤቱታ የሚያቀርብለት በዛ። የማያውቀው ሰው ሁሉ ከማሳ ውስጥ እየሮጠ ያስቆመዋል፤ ስለ ተሰበረ ድልድይ፣ ስለ ወደቀ ምልክት፣ አንዴም ስለ ሞተ አጋዘን ይነግረዋል። ማታ ከእራት በኋላ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ለኦርሊን እንዲህ ይላታል፦

«ዛሬም ዜሮ።»

«ታዲያ ቀለሙን ቀይረዋ፣ አንተ ሰው!»

«ቀለሙ ደህና ነው።»

«ደህናስ ከሆነ ያለ ስኳር በወተት የቀቀልኩልህን ሩዝ ፑዲንግ ለምን አልበላህም?»

ሴልመር ተነሥቶ ወደ አልጋው ሄደ። አርባ አራት ዓመት የሰበሰበው ጣት ሁሉ የእርሱ ሳይሆን የሰማያዊዋ ኖሯል ማለት ነው? ይህን ሐሳብ ከአልጋው ላይ ሁለት ሌሊት አገላበጠው፤ በየትኛውም ጎኑ አልተመቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት ጌርዳ አስቆመችው። ጌርዳ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከማስተማር ከተሰናበተች ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናትም ማስተማሩን አላቆመችም። ምርኩዟን በመንገዱ መካከል ተክላ ቆመች።

«ና ውረድ! ይኸን ጉድጓድ ታየዋለህ?»

«አየዋለሁ፣ እመቤቴ።»

«ትናንት ከጓሮዬ ሩባርብ የጋገርኩትን ፓይ ይዤ በመኪናዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እዚህ ውስጥ ገባሁ። ፓይዋ የመኪናው ጣራ ላይ ተለጠፈች። እስከ መቼ ነው ዝም የምትሉት?»

«እኔ እኮ የመንገድ ሥራ ሰው አይደለሁም።»

«መኪናህ ቢጫ ነው ወይስ አይደለም?»

«ቢጫ ነው።»

«እንግዲያውስ» አለችና ምርኩዟን ነቅላ ሄደች።

ሴልመር ጉድጓዱን ተመለከተ። ከዚያ ወደ ቤቱ ነድቶ ከጎተራው ጀርባ ካለው የጠጠር ክምር ፒክአፗን ሞላ፤ አካፋውን ጫነ፤ ተመልሶም ጉድጓዱን ሞልቶ በእግሩ እየረገጠ ይደለድል ጀመር። ጌርዳ በመስኮት ስታየው ቆይታ ወጣች።

«ጠርዙን ጠቅጥቀው። ሁለተኛ ክፍል እያለህም ጠርዝ ሳትጨርስ ነበር የምትነሣው።»

ሴልመር ቀና አለ። «ቅድም አውቀውኝ ነበር እንዴ?»

«ላላውቅህ ነው? ከሩቅ ሳየው እውነተኛ የመንግሥት ቀለም መስሎኝ ነበር፤ ቀርቤ ሳየው ሴልመር ሆነ።» ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብላ የእሳት ራቷን በጣቷ ጫፍ ነካቻት። «ይህችንስ ለምን ተውካት?»

«ደርቃ ነበር።»

በማግስቱ በዚያው መንገድ ላይ ጌርዳ፣ ያችን እንደ መርከብ የምትሰፋ መኪናዋን እየነዳች፣ ፊት ለፊት መጣችበት። ጣት አላነሣችም፤ እጇን በሙሉ አነሣች። መኪናዋ ወደ ቦዩ ልትገባ ምንም አልቀራትም ነበር።

ሴልመር ያን ዕለት ፑዲንጉን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። በማግስቱ የኮረብታውን ጉድጓድ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ማሳ የሚያለሰልስበትን አሮጌ የብረት መከስከሻ ከፒክአፗ ኋላ አስሮ ወደ ቤቱ የሚያስገባውን የአራት ማይል ኮረኮንች እየጎተተ ደለደለው። ሰው ማየት ጀመረ፤ ካየም በኋላ ማውራት ጀመረ። አንድ ጣት ተነሣ። ሦስት ሆነ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሴልመር ካፌው ደርሶ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ዘጠኝ» አለ፤ ደልበርት ብቻ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ገባው፤ ስኳር የሌለበት ቡናም ቀዳለት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ግን የወረዳው መንገድ ሥራ ኃላፊ ሊሮይ ኦፕዳል ወደ ሴልመር ግቢ መጣ። የነዳት መኪና ከሴልመር መኪና ጎን ስትቆም እንደ መንታ ሆኑ፤ አንደኛዋ ብቻ ቆዳዋ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ሊሮይ በወጣትነቱ በሴልመር እርሻ ላይ ድንጋይ የለቀመ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ሴልመር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስልኬ ሊፈነዳ ነው።»

«ምን ሆነና?»

«ግማሹ ሰው እየደወለ ‹ቢጫ መኪና በየቀኑ ካፌው በር ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል ይቆማል፤ ሰዎችህ ደመወዝ የሚበሉት ቡና እየጠጡ ነው ወይ?› ይለኛል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ስላልሞላሁት ጉድጓድ ያመሰግነኛል። ወቀሳውስ ይሁን፤ የለመድኩት ነው። ምስጋናው ነው የከበደኝ! ‹የጌርዳን ሞልተህ የእኛን ለምን ተውክ?› የሚሉኝን ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ንገራቸዋ።»

«ነገርኳቸው። አላመኑም።» ሊሮይ ባርኔጣውን አዞረ። «ደልበርትን አነጋግሬዋለሁ። በሁለት ቀን በመርጫ ይቀባታል፤ ያው የድሮው ሰማያዊ፣ ከፋብሪካ የወጣች ዕለት የነበረው። እርስዎ ምንም አይከፍሉም፤ ከራሴ ኪስ ነው። ሰዉም እንደ ድሮው ይለይዎታል። ምን ይላሉ?»

ኦርሊን በረንዳው ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር፤ እጇ ቆመ። ሰማያዊው የእርሷም ሰማያዊ ነበር፤ ልጆቿን ወልዳ ከሐኪም ቤት የተመለሰችው በዚያች ሰማያዊ ነው። ሴልመር ይህን ያውቃል። ወደ እርሷ አየ፤ እርሷ ግን ባቄላውን እያየች ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትይዝ ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት ትዳር በኋላ መልሱን ከእርሱ በፊት ሰምታዋለች።

እርሱም ወደ ፒክአፗ ተጠግቶ፣ መዳፉን በሸካራው ኮፈን ላይ፣ ከእሳት ራቷ አጠገብ አሳርፎ፣ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦

«ስማኝ ሊሮይ። ይህች መኪና አራት ደርብ ቀለም ለብሳለች፤ አራቱም የእኔ ናቸው፤ የተጣበቀችውም የእሳት ራት የእኔ ናት። ሰዉ አርባ አራት ዓመት ጣቱን ለሰማያዊ ሲያነሣ ኖሮ፣ ለቢጫ እንዲያነሣ ላስተምረው አንድ ወር ተኩል አካፋ ጨብጫለሁ፤ ወገቤን ጠይቀው። አሁን ደግሞ ተመልሼ ሰማያዊ ላስተምረው ነው? አይሆንም። ካፌው በር ላይ መቆሜ ካስወቀሰህ፣ ሰዎችህን ላክልኝና ከእኛ ጋር ቡና ይጠጡ፤ ቢያንስ የተወቀሱበትን ይቀምሱታል። ሁለት ቢጫ ለአንድ ወረዳ ከበዛ ግን አንዱ ይለወጥ፤ የአንተው ይለወጥ። ደልበርት ዘንድ አትሂድ፤ ነገ ጧት መኪኖችህን በሙሉ ወደዚህ ንዳቸው፤ በሩን ዘግቼ፣ ወለሉን አርሼ እጠብቅሃለሁ። ሩሎውን አውስሃለሁ፤ ብሩሹን ግን አልሰጥህም፤ ጠርዙን እኔ ነኝ የምቀባው።»