ክዳኑ ላይ የነበረው አፈር

ደርተ ፓገልስ ዕድሜዋን ሙሉ በወደባችን ዓሣ በጭስ ስታደርቅ የኖረች ሴት ናት። ፊልም ሠሪዎች ከበርሊን መጥተው ቤቷ ሲገቡ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። በወጣትነታችን እዚህ ስለተሠራው ድምፅ አልባ የደም መጣጭ ፊልም አዲስ አስፈሪ ፊልም ሊሠሩ ነው። እንደሌላው ሰው ሁሉ፣ ደም መጣጩን ሆኖ የተጫወተው ሰው እውነት ጋኔን ነበር ወይ ብለው ጠየቋት።

«ጥርሱን የሚያመው ምስኪን ነበር» አለቻቸው። «የሚያስፈራውስ ዳይሬክተሩ።»

ያ የድሮው ፊልም በተቀረጸበት መርከብ ላይ ገመድ ያዥ ስለነበርኩ ነገሩን አውቀዋለሁ። ዋናው ተዋናይ ሬሳ ሳጥን ውስጥ አልተኛም አለ። በእሱ ፈንታ ልብሱን ለብሶ የገባው የደርተ ባል፣ የወደብ ሠራተኛው ዮኸን ነው። ክዳኑ በምስማር ይመታል፤ አየር ሲያጥረው ያንኳኳል፤ ወዲያው ይከፈትለታል። ስምምነቱ ይህ ነበር። ሲተኛ፣ «አንቺ፣ ብቆይም ራቴን ለድመቷ እንዳትሰጪ» ብሎ ቀረጻውን ለማየት በመጣችው በደርተ ላይ ቀለደ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። ድምፅ የማይቀዳ ፊልም ሲሠራ ዝም የሚል የለም። ዳይሬክተሩ ይጮኻል፤ ለተዋናዮቹ ስሜት እንዲሰጡ የተቀጠሩ ሙዚቀኞች ቫዮሊንና አኮርዲዮን ይጫወታሉ፤ አናጺዎች ከጎን ምስማር ይመታሉ። ክዳኑ ተመታ፤ አፈር ተበተነበት። ካሜራ አንሺው የካሜራውን እጀታ ማዞር ጀመረ።

ደርተ ዓይኗን ከሳጥኑ አልነቀለችም። ክዳኑ ላይ ያለው አፈር ሲንቀጠቀጥ አየች። እያንኳኳ ነው ብላ ብትጮኽ ሙዚቃው ዋጠው። ሮጣ የዳይሬክተሩን ክንድ ያዘች። እሱም አፈሩን አይቶት ኖሯል።

«አየሁት» አላት ዓይኑን ሳይመልስ። «እንዲህ ያለ ነገር ተፈልጎ አይገኝም። ትንሽ ታገሺ።»

አፈሩ መንቀጥቀጡን አቆመ።

ደርተ አልለመነችውም። ካሜራው ዘንድ ሄዳ መዳፏን የሌንሱ መስታወት ላይ ጫነች። እጀታው ቆመ፤ ሙዚቃውም ተቋረጠ። ምስማሩን ነቅለን ስንከፍት የዮኸን ከንፈር ጠቁሯል። ጀርባውን እየደበደብን ቆየን፤ በመጨረሻ ተነፈሰ። ብዙ ዓመት ኖረ፤ በር ተዘግቶበት ግን ተኝቶ አያውቅም።

ዳይሬክተሩ ያን የፊልም ቁራጭ አልጣለውም። ጥቁር እጅ መጥቶ ሁሉን ሲጋርድ ተመልካቹ እስከ ዛሬ ይጮኻል። ደርተ አንድ ጊዜ አይታው፣ እጄ ያን ቀን ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከበርሊን የመጣው ወጣት ዳይሬክተር ይህን ሰምቶ አቀረቀረ። ቆይቶም ያን ትዕይንት እንደገና በራስዎ እጅ ልቅረጸው ብሎ ለመናት።

«ሳጥኑ ውስጥ ሰው ካለ አልመጣም» አለችው።

«ባዶ ነው እማማ። ቃሌ ነው።»

በቀረጻው ቀን ክዳኑን አስከፍታ ውስጡን በእጇ ዳሰሰች። ባዶ ነው። ምስማሩ ተመታ፤ አፈር ተበተነ። ይጀመር ሲሏት ግን ወደ ካሜራው አልሄደችም። ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካ በጣቷ አንኳኳችና ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አስጠጋች። እሷ እስክትነሳ ድረስ ማንም ቃል አልተናገረም።