የጋሽ ነስሩ ጾም

ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን ተናዝዣለሁ፤ የሰው ሚስት መመኘቴንም ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ሚስቴም አታውቃትም። አንተ የምታነበኝ ሰው፣ አታውቀኝም፤ ለዚህ ይሆናል ላንተ መናገር የቀለለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝም እውነትህን ነው።

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የስኳር ሕመምተኞችን የምከታተል ነርስ ነበርኩ። ሰዉ ዶክተር ይለኛል፤ አላርምም ነበር። ከሁሉም የምኮራው በጋሽ ነስሩ ነው። የእንሴኖ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ስኳራቸው ጣራ ነክቶ፣ እግራቸው ቆስሎ ነበር። ዓመታት ተከታተልኳቸው። ቁስሉ ዳነ፣ ስኳሩም ልክ ገባ። እንግዳ ሲጎበኘን እሳቸውን ነበር የማሳየው።

ጋሽ ነስሩ ረመዳንን ይጾሙ ነበር። ሌላ ባለሙያ ቢያገኛቸው «መጾም የለብዎትም» ብሎ ይቆጣቸዋል፤ እሳቸውም እሺ ብለው ይወጡና ይጾማሉ። ይህን ስለማውቅ ወሩ ሊገባ ሲል ኢንሱሊናቸውን አስተካክልላቸው ነበር። ትልቁን የጠዋት መርፌ፣ ባዶ ሆዳቸውን ስኳራቸውን እንዳያወርደው፣ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አዛውራለሁ፤ ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበሉት፣ ጥቂት ብቻ። መጠኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ ከእኔ አፍ ሳይሰሙ አይቀይሩም። ካርዳቸው ላይ ግን አልጽፈውም። «ሌላ ሰው ከጠየቀዎት አልጾምም ይበሉ። አይገባቸውም። ይህ በእኔና በእርስዎ መካከል ይሁን» እላቸው ነበር። ደግነት ይመስላል አይደል? እኔ ከሌለሁ እንዳይሆንላቸው ፈልጌ ነው። እኔ ነኝ እንዲዋሹ ያስተማርኳቸው።

ብዙ ደጅ የጠናሁበት የወልቂጤ ዝውውር ደረሰኝ። የተካችኝ ሲስተር ገነት ትባላለች፤ ለሥራው አዲስ፣ ረጋ ያለች ጠንቃቃ ልጅ። ስለ ሕመምተኞቹ አንድ በአንድ እንዳጫውታት ለመነችኝ። መኪና ያመልጠኛል አልኳት። ካርዳቸው ላይ ሁሉም አለ ብያት ወጣሁ። ለጋሽ ነስሩም መሄዴን አልነገርኩም፤ ምርቃታቸውን ቆሜ ለመስማት አፍሬ ነው።

ወልቂጤ አዲሶቹ ባልደረቦቼ ክትፎ ሲጋብዙኝ ጋሽ ነስሩ ደወሉ። ስማቸውን አየሁት። ለምን እንደደወሉም አውቄያለሁ፤ ረመዳን ሊገባ ነው። ስልኩን ደፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱም ደወሉ፤ አላነሳሁም። ቡታጅራን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው እኮ! አላነሳሁም።

ጋሽ ነስሩ ሲስተር ገነት ዘንድ ሄዱ። ይጾማሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አልጾምም አሏት። የተለመደውን መድኃኒት ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በተለመደው ልክ እየተወጉ ጾሙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንሴኖ ገበያ፣ በርበሬያቸው አጠገብ ስኳራቸው ወርዶ ላብ አጠመቃቸው፤ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ወደቁ። ሰዉ ጾሙ አደከማቸው አለ። ጥላ ሥር አስተኝተው፣ ፊታቸው ላይ ውሃ እያርከፈከፉ የማፍጠሪያውን ሰዓት፣ መግሪብን ጠበቁ። ጾመኛ አፍ ውስጥ ስኳር የሚጨምር ማን ይደፍራል? አዛን ሲል ቴምር አቀረቡላቸው። መዋጥ አልቻሉም። ቡታጅራ ሳይደርሱ መኪና ውስጥ ሞቱ።

ለቅሶ ሄድኩ። ባለቤታቸው እጄን ይዘው «አንተ ብትኖር ነስሩ አይሞትም ነበር፤ አዲሷ ናት የገደለችው» አሉኝ። ዘመዱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አቀርቅሬ ሻይ ጠጣሁ።

ወዲያው ሲስተር ገነት ደወለችልኝ። የእሷን አነሳሁ። ኃላፊዎቹ እየጠየቋት ነበር።

«ወንድሜ፣ ጋሽ ነስሩ እንደሚጾሙ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

«እኔም እኮ፣ ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር ብያቸዋለሁ» አለች። አምናኝ አመሰገነችኝ። ሥራውን ለቃ ከከተማው እንደወጣች የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ወልቂጤ ላይ አሁንም ስኳር ክትትል ክፍል ነኝ፤ አሁንም ዶክተር ይሉኛል።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ጋሽ ነስሩ ሞተዋል፤ ስልካቸውን ላነሳላቸው አልችልም። የገነት ጥያቄ ግን እስካሁን መልሱን አላገኘም። ይህን የጻፍኩት አንድ ቀን እጇ ይገባ እንደሆነ ብዬ ነው።

ገነት፣ አውቅ ነበር።